ከሶዳው ውሃ የወጣው ማርሽ

የምስክር ቃል

ቀን፦ ረቡዕ፣ መጋቢት 11
የምስክሩ መጠሪያ፦ በሰፈሩ «ብሎን» የሚባለው
ዕድሜ፦ 52
ሥራ፦ የአሮጌ መኪና መለዋወጫ ንግድ
አድራሻ፦ መለዋወጫ ተራ፣ ከጎሚስታው ቀጥሎ ያለው ሱቅ

ዛሬ ጠዋት አንድ ራዲያተርና ሁለት የበር እጀታ ሸጬ፣ አንድ የተሰነጠቀ ፍሬቻ ደግሞ ከገዢ ተመልሶብኝ እያለ ፖሊስ ሱቄ መጥቶ ለምስክርነት እንደምፈለግ ነገረኝ። መርማሪው እንደገለጸልኝ፣ የግል ተበዳይ የሆነው የጭነት መኪና ሾፌር የእህቱን ባል ከሷል። የእህቱ ባል ቀለም ቀቢ ነው። ክሱም፣ ዝገት እንዲያስለቅቅለት የሰጠውን የካምቢዮ ማርሽ ለእኔ ሸጦ፣ በምትኩ ከእኔ ሱቅ የተበላ ማርሽ አምጥቶ አስቀምጦለታል የሚል ነው። ቀለም ቀቢው ከትናንት ጀምሮ በዚሁ ጣቢያ ታስሯል።

እኔ ማርሹን አልገዛሁም፤ የተበላ ማርሽም አልሸጥኩም። ነገር ግን «አልገዛሁም» ማለት እኔን እንጂ የታሰረውን ሰው እንደማያድን ስለገባኝ፣ ዕቃውንና የተነከረበትን ቦታ ሳላይ ቃሌን ባልሰጥ እመርጣለሁ አልኩ። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነው። መርማሪው ተስማምቶ፣ ታሳሪውንም ይዘን ቤተሰቡ በአንድነት ወደሚኖርበት ግቢ ሄድን።

በግቢው ውስጥ በድንጋይ ላይ የተቀመጠች አሮጌ ፒክአፕ አለች። የሾፌሩ አባት ንብረት ናት። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ መካኒክ የነበሩ፣ አሁን ዓይናቸውን ሞራ የጋረደባቸው ሰው ናቸው። ልጃቸው መኪናዋን አስነስቶ አንድ ቀን ይዟቸው ሊዞር እንዳሰበ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ማርሹም የእሷ ነው፤ በቀላሉ አይገኝም።

ከቤቱ ጀርባ፣ በክፍቱ ቦታ፣ የልብስ ሶዳ የተበጠበጠበት የፕላስቲክ ገንዳና የባትሪ ቻርጀር አየሁ። አሠራሩን ለመርማሪው አስረድቻለሁ። የዛገው ዕቃ ከቻርጀሩ ጥቁር ገመድ ጋር ይያያዛል፤ የማይፈለግ ቁራጭ ብረት ደግሞ ከቀዩ ጋር ታስሮ ትይዩ ይቆማል። ኤሌክትሪኩ ሲለቀቅ ውሃው ይንተከተካል፣ ከዕቃው ላይ ዝገቱ ይለቃል፤ የሚበላው ቁራጩ ብረት ነው። ገመዱ ከተገለበጠ ግን ተበዪው ዋናው ዕቃ ይሆናል።

ቁራጩን ብረት ሳወጣው፣ ከውሃው በላይ የቀረው ጫፉ ዝጓል፤ ውሃ ውስጥ የነበረው ግን ተወልውሏል፤ ገመዱ ተገልብጦ ነበር ማለት ነው። ማርሹን ሳየው ደግሞ ወደ ቁራጩ ብረት ዞሮ የነበረው ፊቱ ተቦርቡሮ ጥርሶቹ ሾለዋል፤ ጀርባው ግን ደህና ነው። በጀርባው ላይ በመዶሻ የተመቱ ሦስት ትንንሽ ነጥቦች አገኘሁ።

ሾፌሩ «ብሎን፣ አንተም ልትሸፍነው ነው? የገበያ ሰው ለገበያ ሰው!» አለኝ።

«ስድቡን አስቀምጠውና አባትህን ጥራልኝ» አልኩት።

ሽማግሌው መጥተው ማርሹን ተቀበሉ። በአውራ ጣታቸው ጀርባውን ዳሰሱና «ይሄ የእኔ እጅ ነው። ካምቢዮውን ስፈታ ፊትና ጀርባው እንዳይምታታ ብዬ መታሁት። ሌላ ማርሽ ቢሆን የእኔን ነጥብ ከየት ያመጣዋል?» አሉ።

ማርሹ እንዳልተቀየረ በዚህ ታወቀ። ሾፌሩ ግን «ታዲያ ሆን ብሎ ነው ያስበላው!» ብሎ ተነሳ። መርማሪው ገመዱን ማን እንደገለበጠው ጠየቀ። ቀለም ቀቢው አንገቱን ደፍቶ «እኔ ነኝ። ተምታታብኝ» አለ።

አላመንኩትም። ይህን ሥራ ለሱቄ ብዙ ጊዜ ሠርቶልኛል፤ አንድም ቀን ተምታቶበት አያውቅም። በዚያ ላይ ማርሹን ነክሮ በማግስቱ ለሥራ ወጥቶ ሁለት ሌሊት ውጭ አድሯል። ሚስቱ «ለምን ትዋሻለህ?» ብላ ልትቀጥል ስትል «አንቺ፣ ተይ አልኩ» አላት።

ሽማግሌው ማርሹን እንደያዙ «ተው ልጄ» አሉት። «መብራት ሄዶ ሲመጣ ድምፁን አጣሁት። እዚህ ቁጭ ብዬ ሲንተከተክ እሰማው ነበር፣ እንደ ሞተር። ስዳስስ የአንዱ ገመድ መቆንጠጫ ወድቋል። ሌላውንም ነቅዬ ሁለቱን መልሼ ሰካኋቸው። መንተክተኩን ቀጠለ፣ ደስ አለኝ። ቀዩ የቱ እንደሆነ አላየሁም።»

ልጃቸው «አባዬ፣ አትጠይቅም ነበር?» አላቸው።

«መካኒክ ሆኜ ቀለም ልጠይቅ?» አሉት።

መርማሪው ቀለም ቀቢውን ታስሮ ሲያድር ለምን እንዳልተናገረ ጠየቀው። እሱም «ትናንት ገንዳውን እንዳየሁ ገብቶኛል። አባባ መካኒክነታቸው ብቻ ነው የቀራቸው። እሱንም ልንጠቅባቸው? ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው» ሲል ሰምቻለሁ።

ሾፌሩ ወደ ቀለም ቀቢው ቀረበ። ከዚያ «በሰው ፊት ሌባ ብዬሃለሁ» አለው።

ቀለም ቀቢው «አንተ ሰውዬ፣ መስረቅ ብፈልግ የአንተን ዝገት ነው የምሰርቀው?» ሲለው መጀመሪያ የሳቁት ሽማግሌው ናቸው። ሾፌሩ አልሳቀም። ወደ መርማሪው ዞሮ ክሱን እንደሚተው ተናገረ። መርማሪው ግን ታሳሪው እንዲፈታ የእኔ ቃል ተጽፎ ከመዝገቡ ጋር መያያዝ አለበት ስላለ ተመልሰን መጥተን ይህን ሰጥቻለሁ።

ከግቢው ስንወጣ ሽማግሌው «በቃ፣ መኪናዋ ቀረች?» ብለው ጠየቁኝ። «ጋሼ፣ የቁርጥራጭ ብረት መሸጫው ግቢ ውስጥ ማርሹ ሊኖር ይችላል፤ ችግሩ የሚመሳሰለው ብዙ ነው» አልኳቸው። «ታዲያ በዓይንህ ልትመርጥልኝ ነው እንዴ?» አሉኝ።

በእኔ በኩል ማርሹ ያው የመኪናዋ ማርሽ ነው፤ የተሸጠም የተለወጠም ዕቃ የለም። ቃሌ ሲነበብልኝ «ሽማግሌው ያበላሹት» ተብሎ የተጻፈውን «ሽማግሌው የነኩት» ተብሎ እንዲታረም አድርጌያለሁ። ከዚህ ሌላ የጨመርኩትም ያስቀረሁትም የለም፤ ያየሁትና የሰማሁት ይኸው ነው ብዬ ፈርሜያለሁ።

ጣቢያው ነገ ጠዋት ቢፈልገኝ ሱቄ ዝግ ነው። ሽማግሌውን ከቤታቸው ወስጄ በእጃቸው ዳስሰው ማርሽ እንዲመርጡ ወደ ቁርጥራጭ ብረት መሸጫው ግቢ እሄዳለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ______________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ______________