ከሣጥኑ የታጣው መስታወት የተገኘበት ሁኔታ

የመስካሪ ስም፦ ባልደረቦቹ «ጋሼ ሚሊሜትር» ይሉታል፤ ሙሉ ስሙ በተያያዘው የመታወቂያ ቅጂ ላይ ይገኛል
ዕድሜ፦ 58
ሥራ፦ የመሣሪያ ገጣጠማ ክፍል ኃላፊ
አድራሻ፦ ከቤተ ሙከራው ጀርባ፣ የሠራተኞች መኖሪያ፣ 2ኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በ12ኛው ቀን፣ ከቀኑ 10፡20

ስለ ጠፋው መስታወት ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ለአንድ ትልቅ ቴሌስኮፕ አዲስ ስፔክትሮግራፍ፣ ማለትም የከዋክብትን ብርሃን በየቀለሙ ለይቶ የሚመዘግብ መሣሪያ፣ መሥራት ከጀመርን አራት ዓመታችን ነው። ቀለሙን የሚለየው አንድ መስታወት ሲሆን ጣት ቢያርፍበት ይበላሻል። ስለዚህ መግጠሙን የምንለማመደው በመጠንም በክብደትም እሱኑ በሚያህል ብረት ነው። ሁለቱም ክዳን ለብሰው በየራሳቸው ጥቁር ሣጥን ይቀመጣሉ፤ የሚለዩት በብረቱ ሣጥን ላይ በሚታሰር ቀይ ጥብጣብ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ልምምድ አድርገን፣ ከገጠምን በኋላም እንደ ደንቡ ክዳኑን በውጭ በኩል ባለው መሳቢያ ስበን አውጥተን፣ ብረቱን መሣሪያው ውስጥ ተውነው። ዛሬ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ዋናውን ለመግጠም ሣጥኑን ከፍቼ ደህንነቱን ላይ ክዳኑን ገለጥ ሳደርግ ብረት ሆኖ አገኘሁት። ክው አልኩ። የእኛ ብረት መሣሪያው ውስጥ ስላለ፣ ሌባ ሌላ ብረት ተክቶ ወስዶታል ብዬ «ተሰረቅን!» እያልኩ ጮኽኩ። የግምጃ ቤቱ ቁልፍ ያለው በኃላፊዋ በእትዬ እጅ ብቻ ነው ብዬ ለፖሊስ የተናገርኩትም እኔው ነኝ። እትዬ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር ቀርቷቸዋል። ፖሊስ ይዟቸው ሲሄድ የተናገሩት «ቁልፉን ለማን ላስረክብ?» የሚል ብቻ ነበር።

ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የመሣሪያው ካሜራ መሐንዲሷ፣ ተክዞ ከመቀመጥ ይሻላል ብላ ካሜራውን ለመፈተሽ ወደ መሣሪያው የመፈተሻ መብራት አበራች። ስክሪኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሐምራዊ፣ አረንጓዴና ቀይ መስመሮች ወጡ።

«ጋሼ፣ ብረት ደግሞ ቀለም መለየት ጀመረ እንዴ?» አለችኝ።

«ተይ እስቲ፣ አጥፍተሽ አብሪው» አልኳት። አጥፍታ አበራችው፤ መስመሮቹ እዚያው ናቸው።

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ጥብጣብ ብናኝ ስለሚያራግፍ ወደ ንጹሑ ክፍል አይገባም፤ በር ላይ ይፈታል። ማክሰኞ ሁለቱን ሣጥኖች አብሬ ሳስገባ ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት፤ ውስጥ ሣጥኖቹ ተምታተውብኝ የብረቱ ነው ብዬ የዋናውን ከፈትኩ፤ ስንወጣም ጥብጣቡን በዚያው ባዶ በቀረው በዋናው ሣጥን ላይ አሰርኩት። እናም ብረት መስሎን ስንለማመድበት የዋልነው ዋናውን መስታወት ነበር። ሚሊሜትር ተብዬ ጥብጣብ ማሰር አቃተኝ። ጭረት ስላልነካው ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ግን የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽምና ወዲያው ወደ ጣቢያው ሮጥኩ።

9 ሰዓት ተኩል ላይ መርማሪው ባለበት እትዬን አግኝቼ «መስታወቱ ተገኝቷል፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። ከቤንቹ ብድግ ብለው «አልተጫረም?» አሉኝ።

«አልተጫረም፣ እትዬ።»

«እፎይ!» ብለው ተቀመጡ። ቀኑን ሙሉ በእኔ ምክንያት ታስረው የተጨነቁት ለመስታወቱ ነበር። እኔ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ጠዋት በእሳቸው ላይ የሰጠሁት ቃል ስሕተት ስለሆነ እንዲሰረዝና ዛሬውኑ ወደ ቤታቸው እንዲሄዱ እጠይቃለሁ። ይህኛው ቃሌ ተነቦልኛል፤ እውነት ነው፤ ማንም ሳያስገድደኝ ፈርሜበታለሁ።

የመስካሪው ፊርማ፦ ተፈርሟል
የመርማሪው ፊርማ፦ ተፈርሟል