ኒውዮርክ ሰዓቷን አዙራለች

— ሄሎ?... አዎ፣ ሮዌና ነኝ። ዴዝመንድ? ምነው፣ በምሳ ሰዓት እንኳ አታስተነፍሱኝም?... እናቴ ጋ ነኝ፣ ክሮይደን፣ አረጋውያን ማረፊያው።... እማዬ፣ ከቢሮ ነው። ሾርባሽ ሳይቀዘቅዝ ጠጪ። አይ፣ አልሄድም...

— እሺ፣ ቀጥል።... ሌሎቹ ድርጅቶች ሁሉ የሚገዙበትንና የሚሸጡበትን ዋጋ ከገበያ እያወጡ ነው? የእኛ የኮምፒውተር ፕሮግራም ብቻውን ፓውንድና ዶላር እየሸጠ እየገዛ ነው? ታዲያ ምን ያስደነግጥሃል? የአሜሪካ የዋጋ ንረት ቁጥር የሚወጣው ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ፕሮግራሙ በራሱ ዋጋችንን ከገበያ ያወጣል። እኔው ነኝ የጻፍኩት...

— ቆይ... ቆይ፣ ዴዝመንድ። ኒውዮርኮች ለበጋው ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደፊት ያዞሩት መቼ ነው?... ባለፈው እሁድ? እኛ ደግሞ ገና ነን... ወይኔ ጉዴ!

— ማቆሚያውን በለንደን ሰዓት ነው የጻፍኩት! «በኒውዮርክ ሰዓት ጻፉ» እያልኩ ክፍሉን ሁሉ የምቆጣው እኔ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ነው ብዬ... ቁጥሩ ስድስት ተኩል ላይ ይወጣል! አሁን ስንት ነው?... አምስት ደቂቃ ነው የቀረው?

— አጥፋው!... አውቃለሁ፣ የሁለት ኃላፊ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ከአንተ ሌላ ማን አለ?... ምሳ። ሁሉም ምሳ!

— ካላጠፋነውማ፣ ቁጥሩ እንደወጣ ዓለም ሁሉ በአሮጌው ዋጋችን ይግጠናል። ዓይንህን ጨፍነህ ሳትገልጥ ድርጅቱ የለም። አሥራ አራታችንም ሠራተኞች ጎዳና ላይ ነን።... በሞባይልህ ደውልልኝ፣ ልንገርህ።... ለካ ሞባይልህን በር ላይ አስረክበሃል። አዎ... ይሄ የቢሮ መስመር ደግሞ ይቀረጻል። የይለፍ ቃሉን ለሰው የሰጠ እንደሚባረር አትንገረኝ፤ ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ!

— ፈርቻለሁ፣ ዴዝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቼ... ከሥራ ብባረር የማረፊያውን ክፍያ ከየት አመጣለሁ፣ እማዬን የት አደርጋታለሁ?

— ስንት ቀረ?... አንድ ደቂቃ። እሺ። ጻፍ። ቲብስ፣ አርባ አንድ።... አዎ፣ የድመታችን ስም፣ እማዬ የተወለደችበት ዓመት።... አዎ እማዬ፣ ስለ ቲብስ ነው። ደህና ናት፣ ትበላለች...

— ገባ?... «እርግጠኛ ነህ?» ይላል? አዎ በለው!... ዴዝ? ሄሎ? ሄሎ! ትሰማኛለህ?...

— ቆመ?... ስንት ሰከንድ ሲቀረው?... አራት። ኡፍፍ... ተመስገን።

— አላለቀስኩም።... አይሆንም፣ «የይለፍ ቃሏን ወረቀት ላይ አገኘሁት» እንዳትል። ድምፄ ተቀርጿል። ስህተቱ የእኔ ነው፣ ዴዝመንድ ያዘዝኩትን ብቻ ነው የሠራው። ይሄም ይቀረጽ።

— አንድ ነገር ላስቸግርህ። ስትወጣ ኮቴንና ከጠረጴዛዬ ስር ያለውን ጫማ ያዝልኝ።... ሰኞማ ካርዴ የቢሮውን በር የሚከፍትልኝ አይመስለኝም። ቻው፣ ዴዝ።... ምን አልሽ፣ እማዬ?... አይ፣ ቁጭ እላለሁ። ዛሬ አልቸኩልም።