ሲነጋ እንመጣለን አሉ

ሄሊኮፕተር ጨለማ ይፈራል? ይህን ጥያቄ እስካሁን መመለስ አልቻልኩም። ባለቤቴ ወታደር ነበር፤ ሶማሊያ ውስጥ ከሌሎች አገሮች ጦር ጋር ሆኖ ሲዋጋ ሞተ። መርዶ ነጋሪዎቹ "ወዲያው ነው ያረፈው፣ አልተሰቃየም" አሉን። እናቱ አገር ቤት በዚሁ ቃል ተጽናናች።

ባለፈው እሁድ አብሮት የነበረው ጓደኛው፣ እዚህ ሀርጌሳ መሐመድ ሞጌ የሚባለው ሰፈር ወዳለችው ቤቴ መጣ። አሁን የበርበራ ወደብ መስመር ሾፌር ሆኗል፤ ሀርጌሳ ሲያድር እኔንና ልጄን ሊጠይቅ ነው የመጣው። ልጄን አቅፎ "እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ" አለኝ። ባለቤቴ የቆሰለው ሊመሽ ሲል ነው። ሐኪም ጋ የሚያደርስ ሄሊኮፕተር ነበር፤ ግን የሌላ አገር ጦር ነው፣ ከመሸ እንዳይበሩ አገራቸው ከልክሏል። በሬዲዮ ቢለምኗቸው "ሲነጋ እንመጣለን" አሉ።

"ፈርተው ነዋ!" አልኩት።

"ኧረ አልፈሩም። ቀን እየተተኮሰባቸው ስንቱን አንስተውልናል። ትእዛዝ ነው።"

"እሱስ ምን አለ?"

"'ነጋ እንዴ?' እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ሊነጋ ሲል ዝም አለ።"

ልጄን ከእጁ ተቀብዬ ፊቴን አዞርኩ።

ለሙት ዓመቱ ሁለታችንም እናቱ ዘንድ እንሄዳለን። እሷ ደግሞ አብሮት የነበረ ሰው ካገኘች ጠይቃ አትተውም። "ምን ልበላት? አንቺ እንዳልሽ" ብሎኛል። ይንገራት ብል መጽናኛዋን ወሰድኩባት። ዝም ይበል ብል ደግሞ የልጇ የመጨረሻ ቃል እኔ ጋ ቀረ። እናት የሆናችሁ፣ እናንተ ብትሆኑ መስማት ትፈልጉ ነበር? እባካችሁ ምከሩኝ።