ከጓዳው በር ሥር የተወተፈው ጨርቅ

ለስላሳ መጠጥ ከማሽን እየቀዱ የሚሸጡት አዛውንት ረፋዱ ላይ ተንበርክከው ከጓዳው በር ሥር ጨርቅ ሲወትፉ፣ ዝናብ ያባረራት አንዲት ወጣት ዘው አለች።

"አጎቴ! ምን ጠፋብዎት?"

ቀና ቢሉ የእህታቸው ልጅ ናት። መጠጥ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ከተቀጠረች ወዲህ ዓይኗን አላዩም ነበር። አገላብጠው ሳሟትና ብሶታቸውን ዘረገፉት።

"ደንበኞቼ 'ለስላሳህ ስኳር ውሃ ሆኗል' እያሉ አስመረሩኝ። ለካ ጋዙ ጓዳ ካቆምኩት ሲሊንደር እያመለጠ ነው! እኔም ሞኝ አይደለሁ፣ ከቤት እንዳይወጣብኝ ሁለት ወር ሙሉ በሩንም መስኮቱንም ደፍኜ ይዤዋለሁ።"

ልጅቷ ደነገጠች። "አክስቴስ የት ናቸው?"

"ገበያ። ቀትር ላይ መጥታ እዚሁ ጓዳ ፍራሿን ወለሉ ላይ ዘርግታ ጋደም ትላለች። ዘወትር 'ራሴን፣ ራሴን' ትላለች፤ እርጅና ነው።"

"እርጅና አይደለም አጎቴ። ጋዙ ነው።"

አዛውንቱ ሳቁ። "ሰው ከፍሎ የሚጠጣው ጋዝ? ቢጎዳማ ይሄ ሁሉ ደንበኛ የት በደረሰ!"

"ብርጭቆ ውስጥማ ወዳጅ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድን በግፊት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲያስገቡት ይሟሟል፤ ያችን ምላስ ቆንጠጥ የምታደርግ ጣዕም የሚሰጥ እሱ ነው። ክዳኑ ሲከፈት አረፋ ሆኖ ይወጣል፤ ሆድ የገባውም በግሳት ይሸኛል። ሳንባ ግን አይችለውም። ከአየር ስለሚከብድ በተዘጋ ቤት ወለሉ ላይ ይጠራቀማል። መጀመሪያ ራስ ያሳምማል፤ ሲበዛ ይገድላል።"

"ተማርኩ ብለሽ ልታስፈራሪኝ ነው?"

አልተቆጣችም። ከመደርደሪያው ያልተከፈተ ጠርሙስ አንስታ ጆግ ውስጥ ገለበጠችው። አረፋው ሲበርድ ክብሪት ጭራ መጠጡን ሳታስነካ ወደ ውስጥ ዝቅ አደረገች። እሳቱ ጠፋ።

"ተንፍሰሽበት ነው!" አሉ። ራሳቸው ጫሩና ትንፋሻቸውን ውጠው ዝቅ አደረጉት። ያም ጠፋ። ያን ጊዜ ወለሉ ላይ የሚዘረጋው ፍራሽ ትዝ አላቸው።

"እኔው በገዛ እጄ!" ብለው ጨርቁን መነጨቁት።

ሊገቡ ሲሉ ልጅቷ ያዘቻቸው። በሩን ወለል አድርጋ፣ መስኮቱን በግቢው በኩል ዞራ ከፈተችና አየሩ እስኪለወጥ ደጅ አቆመቻቸው። ኋላም ከሲሊንደሩ ወደ ማሽኑ የሚሄደው ቱቦ ላይ የሳሙና አረፋ ብትቀባ፣ አንዱ መጋጠሚያ ላይ ቡልቅ ቡልቅ አለ። ያን አጥብቀው ሲሊንደሩን ግቢው ጥላ ሥር አቆሙት።

ባለቤታቸው ሲመለሱ ፍራሻቸው ፊት ለፊት ካለው ክፍል፣ ከክፍት መስኮት አጠገብ ተነጥፏል።

"ዛሬ ደግሞ ምን ነካህ?"

"ራስሽን ያሳመምኩሽ እኔ ነኝ" አሉ አዛውንቱ አንገታቸውን ደፍተው፤ የሆነውንም አንድ በአንድ ነገሯቸው።

"ሁለት ወር ሙሉ ስነግርህ እርጅና ነው ስትለኝ አልነበር?"

"እርጅናውስ የኔ ነው።"

በሳምንቱ ባለቤታቸውን ራስ ምታቱ ተዋቸው፤ ለስላሳውም እንደ ድሮው ምላስ መቆንጠጥ ጀመረ። የተማረን ልጅ ለአንድ አፍታ ማድመጥ ቤትንም ሥራንም ያተርፋል። አዛውንቱ ግን ስለ ሥራው ብዙም አያወሩም። ቀትር በሆነ ቁጥር መጀመሪያ መስኮቱን ያያሉ፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው የባለቤታቸውን ትንፋሽ ያዳምጣሉ።