ለግማሹ የሰበሰብኩት እጅጌ

ነርሳችን ኦቲሊያ፣ ሚስቴን ዋሽተሻታል። «ከተከተብሽ ኢንፍሉዌንዛ አይነካሽም» አልሻት፤ ኤርሚንዳም አመነችሽ። ጎረቤታችን ክሎቲልዴ ስትታመም አጠገቧ ተቀምጣ የቅጠል ሻያችንን፣ ማቴውን፣ በአንድ ጽዋ፣ በአንድ መምጠጫ እየተቀባበሉ ጠጡ። ኤርሚንዳም ታመመች፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቀበርኳት። ይህን በሽኝት ግብዣሽ ላይ የምናገረው እዚህ ያለው ሁሉ እያወቀ ማንም ስለማይናገረው ነው።

አሁን ወደ ቀልዱ። መጀመሪያ የመጣሽ ቀን በጤና ጣቢያው ጀልባ ያሻገርኩሽ እኔ ነኝ። የክትባቱን ማቀዝቀዣ ሳጥን ጭንሽ ላይ አቅፈሽ ከወደቡ እስከዚህ ድረስ እያስመለሰሽ መጣሽ።

«ዶን ኤቫሪስቶ፣ ይቺ ጀልባ ሰጥማ ታውቃለች?» አልሽኝ።

«ሰጥማ ብታውቅ ኖሮ በእግርሽ ትመጪ ነበር።»

ሳጥኑን ልያዝልሽ ብል እምቢ አልሽ። ከዚያ ወዲህም ለማንም ሰጥተሽ አታውቂም። ከልጆችሽ ፊት ይልቅ የሳጥኑን ቴርሞሜትር ታዪ እንደነበር ባልሽ ይመሰክራል።

ከኤርሚንዳ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት አመላለስኩሽ፤ ስለ ነፋስና ስለ ቤንዚን ካልሆነ አላናገርኩሽም። ጆሮ ግን አለኝ። በየደጁ የምትናገሪው ተለወጠ። ሊታመሙ ከነበሩ አሥር ሰዎች ክትባቱ አንዳንድ ዓመት አራቱን፣ ሲሳካለት ስድስቱን እንደሚያድን፣ የተያዘውንም ብዙ ጊዜ ከከባዱ ሕመም እንደሚጠብቅ ትነግሪያቸው ጀመር። ከዚያ «መምጠጫችሁን ለየብቻ ያዙ» ትያለሽ። በዚህ ደሴት መምጠጫ መለየት ስድብ ነው። ሳቁብሽ፣ በር ዘጉብሽ፤ አንቺ ግን አልተውሽም። ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጥኩት እኔም የምታድዪውን ወረቀት ፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩት። እውነት ነው።

ኤርሚንዳ ያኔ ይህን ብትሰማ የራሷን መምጠጫ ይዛ ትሄድ ነበር። ወይም ክሎቲልዴን ላለማስቀየም ትተወው ነበር። ይህን የማውቅበት መንገድ የለኝም።

በየዓመቱ ልክተብህ ስትዪኝ እምቢ አልኩ። ባለፈው ሚያዝያ ግን፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ መጥቼ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። መርፌውን እንደያዝሽ ቆምሽ።

«ዶን ኤቫሪስቶ፣ ግማሹን ብቻ ነው የሚከላከለው።»

«ለግማሹ ነው የመጣሁት።»

አለቀስሽ። እንባሽን ሳትጠርጊ ስለወጋሽኝ ክንዴን ለሁለት ቀን አሞኛል፤ ይህም ይታወቅ።

እውነቱን መናገር ስለጀመርሽና ስላላቆምሽ አመሰግንሻለሁ። እንግዲህ የፖም ቺቻችሁን አንሱ፤ እያንዳንዱ የራሱን ብርጭቆ። ለኦቲሊያ! ጤና ይስጥሽ፤ ከእንግዲህ የምትሻገሪው ባሕር ሁሉ የረጋ ይሁን።

የኤርሚንዳን ነገር ዛሬ ተናግሬያለሁ። ከዚህ በኋላ ከአፌ አትሰሙትም፤ እንዳትጠይቁኝም።