በእርጥብ ሳር የገባው ታንክ

እኛ ጎረምሳ በነበርንበት ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ከጠላት የተገኘ ነገር አይጣልም ነበር። ምሥራቅ ግንባር፣ ጥገና ክፍል፣ አንድ መሐንዲስ ነበረን፤ መቶ አለቃ አንጁሎ። የጨንቻ ሰው ነው፣ ያገሬ ልጅ። እኔ ሹፌሩ ነበርኩ። ታዲያ ይሄ ሰው የተሰበረ የጠላት ካሚዮን ሲያይ ፊቱ ይበራል! "ባትሪው ደህና ነው፣ ፍታው" ይለኛል። ዲሽቃ መትረየሱን ነቅሎ የእኛ ላንድሮቨር ላይ ያስረዋል። እና ጠላት የጣለውን እኛ እንነዳዋለን፣ እኛ እንተኩሰዋለን። እንዲህ ነበር አንጁሎ።

አንድ ቀን ታዲያ ከምሽጋችን ፊት ለፊት፣ ወንዝ ዳር፣ ጠላት ጥሎት የሸሸ ታንክ አለ ተባለና መፍቻችንን ተሸክመን በእግራችን ሄድን። እኔና እሱ ብቻ። የናፍጣው ቱቦ ተበጥሷል። አጠገቡ ከቆመ ካሚዮን ቱቦ ቆረጠ፣ በሽቦ አሰረ፣ ሲታገል ዋለና፣ ድድድድ! ተነሣ። እኔ ጮቤ ረገጥኩ፤ እሱ ግን ወደ ምሽጋችን አሻግሮ ያያል።

"ምነው መቶ አለቃ?"

"አሁን በጠላት ታንክ ወደ ወገን ስንሄድ የእኛዎቹ ምን ይሉናል?" አለኝ።

እኔ እኮ አላሰብኩትም! ሬዲዮ የለን። መድፉን ወደ ኋላ አዞርነው፤ ግን ከሩቅ ማን ልብ ይላል? በአንድ ባዙቃ አለቀልን ማለት ነው።

"ነጭ ሸሚዝ እንስቀል" አልኩ።

"ለወገኔ እጅ አልሰጥም!" ብሎ ተቆጣ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከወንዙ ዳር እርጥብ ሳር ነጨ። የእኛ የጋሞ ሽማግሌዎች ጸብ ሲያበርዱ እንደሚይዙት፣ አያችሁ?

"እዚህ ማን ያውቀዋል?" አልኩት በጋሞኛ።

"ባያውቁትስ? ሳር የያዘ ሰው ላይ ማን ይተኩሳል? ቀስ ብለህ ተከተለኝ።"

እና እሱ ከፊት በእግሩ፣ እኔ ከኋላ በታንክ። ላቤ እንደ ውኃ ይወርዳል። ምሽጉ ጋ ስንቀርብ "ቁም!" አሉ። አንጁሎ ቆመ። ቀጥሎ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሳሩን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ተንበረከከ!

አንድ አስር አለቃ ከጉድጓዱ ብቅ አለና "ሰውዬው ምን ሆኗል? አብዷል እንዴ?" አለ። ከዚያ ጮኸ፤ "እጅ ሰጠ! ጠላት እጅ ሰጠ! ታንክ ማረክሁ!"

ሮጠው መጡና አንጁሎን በራሱ ቀበቶ አሰሩት።

"እኔ የጥገናው መቶ አለቃ ነኝ!"

"ዝም በል! አማርኛህ ራሱ ይናገርብሃል!"

እኔ ዘልዬ ወርጄ "ኧረ እኛ ነን! ወገን ነን!" ስል አስር አለቃው፣ "የዚህም አማርኛ እንደዚያኛው ነው! እሰሩት!" አይል መሰላችሁ? የጨንቻን አማርኛ የት ሰምቶት ያውቃል! (ሳቅ)

በኋላ ሻለቃው መጣ። አንጁሎን መሬት ላይ ታስሮ ሲያየው፣ "ይሄ የኔ መሐንዲስ አይደለም እንዴ! ፍቱት!" ብሎ ጮኸ። አስር አለቃው ግን ደረቅ ነው፤ "ጌታዬ፣ እኔ ነኝ የማረክሁት" አለ። ታንኩ በስሙ ይያዝለት አለ፣ አስቡት! እኔ በንዴት ጨስኩ። አንጁሎ ታዲያ የተላጠ እጁን እያሻሸ፣ "ይሁንለት" አለ። "ታንኩን ለኔ ጋራዥ ይስጡኝ እንጂ የማረከው እሱ ይሁን።"

አንጁሎ ከጦርነት በኋላ ኩልፎ ወንዝ ዳር የሙዝ ማሳ ፓምፕ ሲጠግን ኖረ፤ እዚሁ አረፈ። ይናፍቀኛል። አንድ ጊዜ "ለምን ዝም አልክ? ልፋትህን እኮ ነው የወሰደው" ስለው፣ "ባዙቃው አስር አለቃው ትከሻ ላይ ነበር" አለኝ። "ሳሩ ምን እንደሆነ አያውቅም። ግን አልተኮሰም። ለዚህ ታንክ ይበዛበታል?"

(ሲያዳምጡ የነበሩት ጎረቤታቸው፣ ባለሱቁ ሐጂ ከድር፣ "ታዲያ ሳሩ ሠርቷል በሉኛ" አሉ።)

ሠራ እንጂ ሐጂ! ባይሠራ ማን ያጫውትህ ነበር?