«ምን ማለትዎ ነው?» ጡረታ ወጣች

እስቲ ጸጥ እንበል! ከኋላ ያላችሁ፣ ኬኩ የትም አይሄድም። የካርድ ክፍል ልጆች፣ እናንተም ተቀመጡ። ንግግር አድርጊ ስባል እሺ ያልኩት ሌላ ሰው አጋኖ እንዳያወራላት ብዬ ነው። ማጋነን ካስፈለገ እኔ እበቃለሁ።

እትዬ፣ አንቺም ተደላድለሽ ተቀመጪ። ቦርሳሽን ከጭንሽ አውርጂው፤ ማንም አይወስድብሽም። እዚህ ሆስፒታል የገባሽ ዕለትም ይኼንኑ ቦርሳ እንደ ሕፃን ታቅፈሽው ነበር። እኔ ያኔ አጥንት ክፍል ጀማሪ ነርስ ነኝ። ከውጭ ለመጡት ሐኪሞች የምታስተረጉም ሴት ተቀጠረች ሲሉን ቀጠን ያለች፣ ተረከዛም ጫማ ያደረገች ወጣት ስንጠብቅ፣ ከማስተማር ሥራዋ የለቀቀች መምህርት ያንን የሚያክል ቦርሳ ተሸክማ ከች አለች።

የአጥንት ክፍሉን ዋና ሐኪም የቆያችሁት ታስታውሱታላችሁ። ያ ረጅሙ። እሱ በኮሪደሩ ሲያልፍ እኛ ግድግዳው ላይ እንለጠፍ ነበር። እጁን ዘረጋላትና «አይ ሆፕ ዩ ሂት ዘ ግራውንድ ራኒንግ» አላት። እኛ ምን እንዳለ ሳይገባን፣ አለቃ ሲቀልድ ይሳቃል ብለን ሳቅን። እትዬ ግን እጇን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ቀጥ አድርጋ አነሳችና «ዋት ዱ ዩ ሚን?» አለችው። ምን ማለትዎ ነው?

ሳቃችን ቆመ። እኔ በልቤ «በቃ፣ ይቺ ሴትዮ ምሳ ሳትበላ ተባረረች» አልኩ። ሰውየውም ደንገጥ ብሎ፣ «ማለቴማ... እየሮጥሽ እንደምትወርጂ ሁሉ፣ ከዛሬ ጀምረሽ ሥራው ውስጥ ግቢበት ለማለት ነው» አላት።

«እሱማ ገብቶኛል» አለችው። «በሽተኛ ፊት ሲቆሙ ፈሊጡን ወይስ ትርጉሙን እንደሚናገሩ ለማወቅ ነው። ሁለተኛውን ቢናገሩ ይሻላል።»

ሰውየው ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኛም አሁን ገብቶን ሳቅን። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ስሟ «ምን ማለትዎ ነው» ሆኖ ቀረ። ደንቧንም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከሐኪም አፍ ፈሊጥ ከወጣ፣ ያንኑ ነገር ያለ ፈሊጥ ሳይደግመው እጇ አይወርድም። ከአገሩ በመጣ በማግሥቱ ይቺን እጅ ያላየ ሐኪም የለም። አንዳንዶቹ እንዲያውም ገና አፋቸውን ሲከፍቱ እጇን በዓይናቸው መፈለግ ጀምረው ነበር።

የሰኞ ሻይስ? ከራጅ ክፍሉ አጠገብ ያለችው ያቺ ክፍሏ፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ የሚቆምባት፣ ሰኞ ጠዋት ጢም ትል ነበር። ሁሉም በሳምንቱ ከፈረንጆቹ የሰማውን አንድ አባባል ይዞ ይመጣል፤ እሷ ትርጉሙን፣ ማን ለማን እንደሚለው፣ መቼ እንደማይባል ታስረዳለች። ከዚያ ክፍያው ይመጣል፦ ያመጣኸውን ፈሊጥ ቀኑ ሳይመሽ በእውነተኛ ጉዳይ ላይ ካልተጠቀምክበት በሚቀጥለው ሰኞ ብርጭቆ አጣቢው አንተ ነህ።

ጥበቃችን፣ አትደበቅ፣ አይቼሃለሁ! ይኼ ሰው አንድ ሰኞ «ኖት ማይ ካፕ ኦፍ ቲ» የሚለውን ተማረ። በእኛው ቋንቋ «አይጥመኝም፣ እኔ የምወደው ዓይነት አይደለም» ማለት ነው፤ ከሻይ ጋር ምንም አያገናኘውም። ያንኑ ቀን ሜዲካል ዳይሬክተሩ በሩ ጋ መጥተው «ከዛሬ ጀምሮ የሌሊቱን ፈረቃ ብትይዝስ?» ይሉታል። እሱ ሆዬ ኮፍያውን አስተካክሎ፣ «ሰር፣ ኖት ማይ ካፕ ኦፍ ቲ!» ዳይሬክተሩ እየሳቁ ሄዱ፤ ፈረቃውም ሳይቀየር ቀረ። ሌሊቱ የደረሰው ጓደኛው ግን እስከ ዛሬ አኩርፏል።

የላብራቶሪውን ልጅስ ልለፈው? አልለፈውም። የደም ናሙና የት እንዳስቀመጠ ጠፍቶበት፣ ትከሻውን ሰበቅ አድርጎ «ማይ ባድ!» አለና ሊያልፍ ሲል እትዬ ክንዱን ያዘችው። «ስማኝ የኔ ልጅ፣ 'ማይ ባድ' ኳስ ስትጫወት ጓደኛህን ረግጠኸው የምትለው ነው። ሰው ክንዱን ሰጥቶ ለተቀዳለት ደም ግን 'ይቅርታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው' ይባላል። ከዚያ ደግሞ ተንበርክኮ መፈለግ ነው።» ተንበርክኮ ፈለገ። ማቀዝቀዣው ሥር አገኘው።

እኔ የምወደው ግን የአንዲት የዳሌ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ አሮጊትን ታሪክ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ተደግፈው ሁለት እርምጃ ሲራመዱ፣ ወጣቱ ሐኪም በደስታ ዘሎ «ዩ አር ኪሊንግ ኢት!» ብሎ ጮኸ። አሮጊቷ ድርቅ አሉ። በሩ ላይ ያሉት አስታማሚዎች «ኪል»፣ መግደል፣ የምትለዋን ሰምተው ተያዩ። «ምን አለ?» አሉ እማማ።

እትዬ ዓይኗን እንኳ ሳታርገበግብ፣ «ጎበዝ፣ እንዲህ ነው እንጂ! ነው የሚልዎት» አለች።

«ታዲያ ለሱ ነው እንዲህ የሚጮኸው?» አሉና ሦስተኛውን ተራመዱ።

በኋላ ልጁን ወደ ጥግ ወስዳ፣ «አባባሉ ጥሩ ነው፣ ሙገሳ ነው፤ እናንተ ወጣቶቹ ተባባሉት። ግን ሆስፒታል ውስጥ 'ኪል' የምትለዋን ቃል ጮክ ብለህ አትናገር። አስታማሚ ከእንግሊዝኛ የሚያውቃት እሷን ነው» አለችው።

እንግዲህ ሁሉን ሰው «ምን ማለትዎ ነው» እያለች የምታፋጥጠው ይቺው እትዬ፣ ነገሩ የራሷ ሲሆን ምን ትላለች መሰላችሁ? ትኩሳት እያንቀጠቀጣት ትደውልና «ዛሬ ትንሽ አንደር ዘ ዌዘር ነኝ።» አሞኛል ማለት እኮ ነው! እህቷን የቀበረች ሳምንት «እንዴት ነሽ?» ስላት፣ «ሃንጊንግ ኢን ዜር።» እንደ ምንም ይዤ አለሁ፣ አልወደቅሁም እንደ ማለት። እኔ ደግሞ እጄን ማንሳት ፈራሁና ሻይ ቀድቼላት ዝም አልኩ። አሁን ጡረታዋ ሲደርስ፣ ሳምንቱን ሙሉ «እንግዲህ ምን ልታደርጊ ነው? መቼ እንገናኛለን?» እያልኩ ብጠይቃት፣ «ሲ ዩ አራውንድ!» ብላኝ በኮሪደሩ ውልቅ። እዚሁ አካባቢ እንተያያለን ነው ነገሩ። የት አካባቢ? በስንት ሰዓት? ይቺን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አሁን ድምፄ ቢሰበር አትፍረዱብኝ።

የልጄ አባት እዚሁ ሦስተኛ ፎቅ ታሞ ተኝቶ ነበር። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው። ትከሻዬን ያዝ አድርጎ «ሂ ኢዝ ኤ ፋይተር። ሌትስ ኪፕ አወር ፊንገርስ ክሮስድ» አለኝ። ብርቱ ነው፣ እጅ አይሰጥም፣ መልካሙን እንመኝ ማለቱ ነው። እኔ ነርስ ነኝ፤ እንግሊዝኛው ይገባኛል፤ አስተርጓሚ የሚያስፈልገኝ ሰው አይደለሁም። «ቴንኪው ዶክተር» አልኩና ወደ መድኃኒት ጋሪዬ ዞርኩ። «ብርቱ ነው» የምትለዋን ብቻ አንጠልጥዬ፣ ደስ ብሎኝ።

እትዬ በሩ ላይ ቆማለች። ማንም አልጠራትም። ፊቴን አየች፣ የሐኪሙን ፊት አየች፣ ከዚያ እጇን አነሳች።

«ዋት ዱ ዩ ሚን?»

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ኩላሊቱ ሥራ አቁሟል። ዛሬን የሚያልፍ አይመስለኝም። ሊያየው የሚገባ ሰው ካለ አሁኑኑ ጥሩት» አለ።

ሰውየው ክፋት አልነበረበትም፤ አዝኖልኝ ነው የሸፈነልኝ። እኔም ሽፋኑ ተመችቶኝ ነበር። ያቺ እጅ ባትነሳ ኖሮ፣ ጋሪዬን እየገፋሁ ቀኑ ያልፍ ነበር። ልጄ ሌላ ከተማ ነበር የሚሠራው። ደወልኩለት፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሰ። አባቱ ዓይኑን ገለጠ፣ አወቀው፣ ፊቱን ዳሰሰውና «ይኼን ፂም ተላጨው፣ ሽፍታ አስመሰለህ» አለው። ሳቅን፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም።

ልጄ ያው እዚያ መስኮቱ ጋ ቆሟል። አገጩን እዩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ፂም አሳድጎ አያውቅም። ዛሬ ከሥራ አስፈቅዶ የመጣው አንቺን ብሎ ነው።

እትዬ፣ አባትና ልጅን አገናኘሽልኝ። አመሰግንሻለሁ። ስንት ጊዜ ልነግርሽ ብዬ ሻይ ቀድቼልሽ ዝም አልኩ፤ ዛሬ በሰው ፊት ነገርኩሽ፣ ወጣልኝ።

አሁን ወደ ያዛችሁልኝ ነገር እንመለስ። «ሲ ዩ አራውንድ» ብላናለች። እስቲ ሁላችሁም እጃችሁን አንሱ። እንደ ትራፊክ ፖሊስ። ጥበቃ፣ አንተም። ዶክተር፣ እርስዎም ያንሱ እንጂ፣ ስንት ጊዜ ተነስቶብዎታል! በሉ አንድ ላይ፦ ምን ማለትሽ ነው?

እየሳቀች ነው። «ዊል ፕሌይ ኢት ባይ ኢር» ትላለች! እንደ ሁኔታው እናየዋለን ማለቷ ነው። አይሆንም! እጃችሁን እንዳታወርዱ። ድጋሚ፣ ያለ ፈሊጥ።

...ምን አልሽ? ከኋላ ያሉት አልሰሙም። ልንገራቸው? እሺ።

«ፈርቻለሁ ማለቴ ነው» ነው ያለችው። «ጠዋት ስነሳ የሚያናግረኝ ሰው የለም።»

አሁን ገባን። እጃችሁን አውርዱ።

በይ ስሚ፤ እኔም ያለ ፈሊጥ ልመልስልሽ። ሰኞ ጠዋት ቤትሽ እንመጣለን። ሻዩ ከአንቺ፣ አባባሉ ከእኛ፣ ብርጭቆ አጣቢው እንደ ደንቡ። የአንቺ ቤት ከዚያች ክፍልሽ ይሰፋል፤ በር ላይ የሚቆም አይኖርም። በሌላው ቀን ደግሞ ጠዋት ስትነሺ ደውዪልኝ። ሥራ ላይ ብሆንም አነሳዋለሁ። «አንደር ዘ ዌዘር» ብትዪኝ እዘጋብሻለሁ፤ «አሞኛል» ካልሽኝ እመጣለሁ።

ጎበዝ፣ ብርጭቆ አንሱ! ጤና ይስጥሽ፣ ዕድሜ ይስጥሽ፣ ቤትሽ ሰው አይጣ። ለእትዬ! ለሰኞ!

አሁን ያንን ቦርሳ አምጪውና እቀፊኝ።